ካርቡሬተሩ ሳይጠየቅ አይፈረድበት

“ሳይቸግር ጤፍ ብድር” ይላል ያገሬ ሰው። በየጋራዡ በር ላይ በየቀኑ የሚሆነውን ላየ፣ ይህ ተረት ለአሮጌ ሞተር ሳይክል ባለቤቶች የተተረተ ይመስላል። ሞተሩ ጠዋት አልነሳ ይላል፤ ወይም ተነስቶ መንገድ ላይ ያንገራግራል፤ ወይም ጭስና የቤንዚን ሽታ ይበዛበታል። ባለቤቱ እየገፋ ጋራዥ ያደርሰዋል። መካኒኩ ሁለት ሦስት ጊዜ ረግጦ ያዳምጥና “ካርቡሬተሩ አልቋል፣ ይቀየር” ይላል። አዲስ የሚያብረቀርቅ ካርቡሬተር ከመርካቶ ይመጣል፣ ይገጠማል፣ ሞተሩም ይነሳል። አሮጌው ለቁራሌው ይሰጣል። ወር ሳይሞላ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል፤ አንዳንዴም ብሶ።

በሕግ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ፣ ማንም ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም የሚለው መርህ ነው። ይህ መርህ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለካርቡሬተርም ቢሠራ ብዙ ገንዘብ ይተርፍ ነበር እላለሁ። “አለቀ” ከሚባለው ካርቡሬተር ብዙው ያላለቀ፣ ቆሽሾ ያለ ወይም በሌላ ዕቃ ጥፋት የተከሰሰ ነውና።

ጉዳዩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያማሃ ዲቲ 125ን እና ኤጂ 100ን የመሳሰሉ የጃፓን ሞተር ሳይክሎች የግብርና ባለሙያውን፣ የክትባት ሠራተኛውንና የወረዳ ሹሙን ተሸክመው ዳገትና ጭቃ ሲወጡ የኖሩ ናቸው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከዕርዳታ ድርጅት ጨረታ ወጥተው በግለሰብ እጅ ገብተው ዛሬም እንጀራ የሚያበሉ አሉ። ለእንዲህ ያለው ባለቤት ያለአግባብ የተቀየረ አንድ ዕቃ ማለት የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ወይም የወር አስቤዛ ማለት ነው።

ለመሆኑ ካርቡሬተር ምንድን ነው? ሥራው ቤንዚንን ከአየር ጋር በልክ እየቀላቀለ ለሞተሩ ማቀበል ነው። ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ያስፈልጋል። ቤንዚኑ ከበዛ ሞተሩ ይታፈናል፣ ያጨሳል፣ ነዳጅ ይበላል። አየሩ ከበዛ ደግሞ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፤ በተለይ እንደ ዲቲና ኤጂ ባሉ፣ ዘይታቸው ከቤንዚኑ ጋር በሚቃጠል ቱ ስትሮክ ሞተሮች ላይ ፒስተኑ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር እስከ መጣበቅ ይደርሳል።

አሠራሩን ለመረዳት የቤታችንን የውኃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ማሰብ ይበቃል። ሮቶው ውስጥ ተንሳፋፊ ኳስ አለ፤ ውኃው ሲሞላ ኳሱ ተነስቶ ቧንቧውን ይዘጋል፣ ሲጎድል ወርዶ ይከፍታል። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችው ትንሽ ሳህን መሰል ዕቃም እንዲሁ ነች። ተንሳፋፊው ከፍ ሲል ጫፏ ሹል የሆነች መርፌ የቤንዚኑን መግቢያ ትዘጋለች። ከሳህኗ በላይ አየር የሚያልፍበት ጠባብ ጉሮሮ አለ። አየር በጠባብ ቦታ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ግፊቱም ይቀንሳል፤ በዚያን ጊዜ ቤንዚኑ ከሳህኗ ተስቦ ይወጣል። የሚወጣበትን መጠን የሚወስኑት ጄት የሚባሉ፣ መሐላቸው የተበሳ ትናንሽ የነሐስ ብሎኖች ናቸው። አንዱ ትንሹ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ያገለግላል። ሌላው ዋናው ነዳጅ በሙሉ ሲሰጥ ይሠራል። በሁለቱ መካከል ደግሞ በተንሸራታቹ መዝጊያ ላይ የተንጠለጠለች ረጅም ሾጣጣ መርፌ ከፍ ዝቅ እያለች ታመጣጥናለች። ካርቡሬተር ማለት በአጭሩ ይኸው ነው። አየር፣ ቤንዚንና ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንጂ የሚሽከረከር ጥርስም ሆነ የኤሌክትሮኒክስ አንጎል የለውም።

እዚህ ላይ ጃፓን ያሉት መሐንዲሶች ለእኛ ብለው ያላሰቡት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የአገራችን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በጠረፍ ልክ የተበሳ ጄት ግን አየሩ ሳስቷል ብሎ ቤንዚኑን በዚያው መጠን አይቀንስም። ስለዚህ ውህዱ ከሚገባው ከ10 በመቶ በላይ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ማርሚታው ይጠቁራል፣ ሞተሩም ዳገት ላይ ይታነቃል። መፍትሔው ካርቡሬተሩን መቀየር ሳይሆን ዋናውን ጄት በአንድ አንድ ደረጃ እየቀነሱ መሞከር፣ ረጅሟን መርፌም በአንድ ቆረጥ ዝቅ ማድረግ ነው። ጄት ማለት በጣት ጫፍ የምትያዝ ብሎን ናት፤ ዋጋዋም ከሙሉው ካርቡሬተር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ነገር ግን ሁለት ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባል። አንደኛ፣ ከፍታው የወሰደው ጉልበት በጄት አይመለስም። የሳሳ አየር የሚሰጠው ጉልበት የሳሳ ነው፤ ትልቅ ካርቡሬተር በመግጠም እንጦጦን እንደ ቆላ ሜዳ እወጣለሁ ማለት ዘበት ነው። ሁለተኛውና ዋናው፣ ለአዲስ አበባ ተብሎ ጄቱ የተቀነሰ ሞተር ወደ ቆላ ሲወርድ አደጋ ላይ ነው። አዋሽ ከተማ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ሰመራ ከ500 ሜትርም በታች ነች። ከጎሐ ጽዮን ዓባይ ድልድይ ድረስ እንኳ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። እዚያ ያለው ወፍራም አየር ለቀነሰው ጄት ይበዛበታል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ቱ ስትሮክ ከሆነ ፒስተኑ ሊጣበቅ ይችላል። አዘውትሮ ቆላና ደጋ የሚመላለስ ሰው የተነሳውን ጄት በወረቀት ጠቅልሎ በመሣሪያ ከረጢቱ ውስጥ ይያዝ። መንገዱ ረጅም ሲሆን ወደ ቆላ ከመውረዱ በፊት መልሶ ይግጠመው።

አሁን ወደ ምርመራው እንምጣ። ካርቡሬተሩን ከመንካት በፊት ሌሎቹ ተጠርጣሪዎች አንድ በአንድ ይጠየቁ። መጀመሪያ ቤንዚኑ ከታንከሩ በደንብ ይወርዳል ወይ? የታንከሩ ክዳን የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ በጭቃ ከተደፈነ ቤንዚኑ ቀስ በቀስ መውረዱን ያቆማል። ሞተሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ቀጥ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ይነሳል። ክዳኑን ሲከፍቱት የሚሻለው ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። ቀጥሎ ካንዴላው ወጥቶ ይታይ። ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ ከነጣ አየር በዝቷል፤ የቡና ዓይነት ቀለም ከያዘ ውህዱ ደህና ነው። ሦስተኛ፣ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከታፈነ ቾክ ተስቦ እንደቀረ ያህል ነው። “ሞተሩ እንዲተነፍስ” ብሎ ማጣሪያውን ጨርሶ አውጥቶ መጣል ደግሞ በፒስቴ መንገድ አቧራ ሲሊንደሩን በአሸዋ ወረቀት እንደመፈግፈግ ነው።

አራተኛው ተጠርጣሪ ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ነው። ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ጎማ በፀሐይና በዕድሜ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ በኩል ያልተመጠነ አየር ይገባል፣ ሚኒሞው አልስተካከል ይላል፣ ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው ብቻውን ይጮኻል። ሞተሩ እየሠራ በጎማው ዙሪያ ጥቂት ውኃ ቢረጭ ድምፁ ወዲያው ከተለወጠ ስንጥቅ አለ። በቱ ስትሮክ ላይ የክራንኩ ዘንግ ጎሚኒ ሲያልቅም ተመሳሳይ ምልክት ይታያል። እንዲህ ያለውን በሽታ አዲስ ካርቡሬተር አያድነውም።

እነዚህ ሁሉ ነፃ ከወጡ ተራው የካርቡሬተሩ ነው። እርሱም ቢሆን በጅምላ አይወቀስም። ችግሩ የሚታየው የት ላይ ነው? ነዳጅ መስጫው ከተዘጋበት እስከ አንድ ስምንተኛ ከሆነ ትንሹ ጄትና የሚኒሞው ቪት ይመርመር። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ከሆነ ረጅሟ መርፌና የምትገባበት ቀዳዳ ይታይ። ከዚያ በላይ ከሆነ ዋናው ጄት ነው። ነዳጅ መስጫው እጀታ ላይ በነጭ ፕላስተር ሩብ፣ ግማሽና ሙሉ ብሎ ምልክት ማድረግ ለዚህ ይበቃል። ለመካኒኩም “አይሠራም” ከማለት “ግማሽ ላይ ስደርስ ያንገራግራል” ማለት ትልቅ ልዩነት አለው።

የጽዳቱ ነገር ሲነሳ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ከከሰልና ከሲጋራ ርቆ ይሁን። የቤንዚኑ መክፈቻ ይዘጋ፣ ከሳህኗ ያለው ቤንዚን ይፍሰስ። ካርቡሬተሩ ሲፈታ እያንዳንዱ ደረጃ በስልክ ፎቶ ይነሳ። የሚኒሞው ቪት ከመውጣቱ በፊት እስኪነካ ድረስ ቀስ ተብሎ ወደ ውስጥ ይዙር፤ ስንት ዙር እንደሄደ ይጻፍ። ሲመለስ በዚያው ልክ ይመለሳል። ቪቱ ወደ አየር ማጣሪያው በኩል ከሆነ አየር የሚመጥን ነው፤ ወደ ሞተሩ በኩል ከሆነ ቤንዚን የሚመጥን ነው። የመጀመሪያውን መፍታት ውህዱን ሲያሳሳ፣ ሁለተኛውን መፍታት ያወፍራል። ይህን ሳይለዩ በካቻቢቴ መጠምዘዝ በጨለማ መርፌ መፈለግ ነው።

ጄቶቹ በሽቦ አይወጉ። የነሐስ ቀዳዳ ልኩ በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው። ከፍሬን ገመድ የተመዘዘ የብረት ሽቦ አንዴ ሲገባ ያሰፋዋል፣ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ላይ የተጻፈውና እውነተኛው መጠኑ አንድ አይሆኑም። ጄቱን በካርቡሬተር ማጽጃ መንከርና በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ይበቃል፤ ግትር ቆሻሻ ካለ የናይለን ክር ይሞከር። የጎማ ጎሚኒዎችና ተንሳፋፊው ከማጽጃው መራቅ አለባቸው። በቀዳዳዎቹ በሙሉ አየር ማለፉ በብርሃን ይረጋገጥ። የተንሳፋፊው መርፌ ጫፍ ቀለበት የመሰለ ጭረት ካወጣ አይዘጋም፤ ቤንዚን ከትርፍ መውጫው ይንጠባጠባል። ያኔ የሚቀየረው መርፌዋ ብቻ ነች።

ቆሻሻው ከየት ይመጣል ያልን እንደሆነ፣ አንዱ ምንጭ የቆመ ቤንዚን ነው። በሳህኗ ውስጥ ለወራት የቆየ ቤንዚን ቀላሉ ይተንና ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይቀራል። በሰኔ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ የአዲስ አበባ አስተዳደር በሞተር ሳይክሎች ላይ ዕገዳ በጣለ ጊዜ በየግቢው የቆሙ ሞተሮች ሲነሱ የገጠማቸው ይኸው ነው። የኢታኖልም ነገር አለ። በአዲስ አበባ ቤንዚን ላይ በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ተጀምሮ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ኢታኖል እርጥበት ይስባል፣ ኢታኖልን ታሳቢ ሳያደርጉ የተሠሩ አሮጌ ጎማዎችንም ያሳብጣል። ስለዚህ ሞተሩ ከአንድ ወር በላይ የሚቆም ከሆነ መክፈቻውን ዘግቶ ሳህኗን ማድረቅ ትንሽ ድካም ነው፣ ትልቅ ወጪ ያድናል።

መለዋወጫ የግድ የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ያን ጊዜ “የዲቲ ጄት አለህ?” ብሎ ሱቅ ለሱቅ መዞር አያዋጣም። መጀመሪያ ከሊብሬው የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ይወሰድ፤ በሞተሩ ላይ ከተመታው ጋርም ይመሳከር። ሊብሬው ላይ ያለው ስምና ዓመት ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ስም ያላቸው ሞተሮች በየዘመኑ የተለያየ ካርቡሬተር ተገጥሞላቸዋልና። ቀጥሎ በካርቡሬተሩ አካል ላይ የተመታው ምልክት ይነበብ። በያማሃ ላይ ብዙ ጊዜ ሚኩኒ፣ በሆንዳ ላይ ብዙ ጊዜ ኬሂን ይገኛል። የጄቶቻቸው ቁጥር ግን አንድ ቋንቋ አይናገርም። የኬሂን ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት በመቶኛ ሚሊ ሜትር ሲናገር፣ የሚኩኒ ዋና ጄት ቁጥር የሚያሳልፈውን የፈሳሽ መጠን ይናገራል። በሁለቱም ላይ 100 ተጽፎ ማየት እኩል ናቸው ማለት አይደለም።

የያማሃ መለዋወጫ ቁጥርም ለሚያነበው ሰው ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ 3 ምልክቶች ዕቃው መጀመሪያ የተሠራለትን ሞዴል፣ መካከለኛዎቹ 5 አሃዞች የዕቃውን ዓይነት፣ የመጨረሻዎቹ ማሻሻያውን ያመለክታሉ። መካከሉ 14101 የሆነ ቁጥር ሙሉ ካርቡሬተር ነው። ይህን ቁጥር ከአምራቹ የዕቃ ዝርዝር አውጥቶ ለነጋዴው ማሳየት፣ ወይም ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ መላክ፣ ከብዙ ግምት ያድናል። ሦስት ጄትና አንድ መርፌ የሻንጣ ክብደት አይጨምሩም።

አዲስ ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ካርቡሬተር ብዙ ጊዜ ተመሳስሎ የተሠራ ነው። ሁሉም መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ለሌላ ሞተር ታስቦ የተበሳ ጄት ይዞ ይመጣል፤ የአካሉ ቅይጥም ልል ስለሚሆን ብሎኑ ጥቂት ጊዜ ሲፈታ ይበላል። በልኩ የተጸዳ አሮጌ የጃፓን ካርቡሬተር፣ ተንሸራታቹ ካልተበላና አካሉ ካልተጣመመ በቀር፣ ከዚህኛው የተሻለ ዕድሜ አለው። ከታረደ ሞተር የወጣ ኦሪጅናል ዕቃ ጥሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የማን እንደነበረ መጠየቅ አይቅር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን የተሰረቀ ዕቃ የሚቀበለውንም ሰው ይቀጣል። ዋጋው ከገበያው እጅግ የወረደ፣ ሻጩም ደረሰኝ የማይሰጥ ከሆነ “አላወቅሁም” ማለት ሁልጊዜ አያድንም።

ደረሰኝ ካልን ዘንድ ሕጉ ለገዢውም የሚለው አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጩ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያዛል። ገዢውም በበኩሉ ዕቃውን እንዳገኘ መመርመርና ጉድለቱን ሳይዘገይ ማስታወቅ ይጠበቅበታል። “ኦሪጅናል ሚኩኒ” ተብሎ የተሸጠ ዕቃ ደረሰኙ ላይ እንዲሁ ይጻፍ። “መለዋወጫ” ብቻ የተባለበት ደረሰኝ ክርክር ሲነሳ ብዙም አይጠቅምም። የመካኒኩ ሥራም ቢሆን ውል ነው። በቁጥር 2610 መሠረት የሥራ ውል ተቀባዩ በራሱ ኃላፊነት አንድ ውጤት ሊያስገኝ የሚገባበት ስምምነት ነው። ስለዚህ በእኔ አረዳድ “ካርቡሬተር ቀይርልኝ” ብሎ የሚያዝ ደንበኛ የሚያገኘው የተቀየረ ካርቡሬተር ነው፤ “ከብርድ እንዲነሳና ግማሽ ላይ እንዳያንገራግር አድርግልኝ” ያለው ግን የሚጠይቀው ውጤት አለው። የተነሳውን አሮጌ ዕቃ መልሶ መቀበልም የባለቤቱ መብት ነው። ገንዘቡ የተከፈለበት ንብረት ነውና ለቁራሌው ይሰጥ ወይስ ይቀመጥ የሚለውን የሚወስነው ባለቤቱ ነው።

ይህን ሁሉ ዛሬ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። የካርቡሬተር ዘመን እያለፈ ነው። ሕንድ በኤፕሪል 2020 እ.ኤ.አ. ጥብቅ የጭስ ደንብ ሥራ ላይ ካዋለች ወዲህ በአገሯ የሚሸጡ አዳዲስ ሞተር ሳይክሎች በብዛት ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ ወደሚረጭበት ዘዴ ዞረዋል። ኬሂንም በ2021 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሦስት ኩባንያዎች ጋር ተዋህዶ የብቻ ኩባንያነቱ አብቅቷል። በአገራችን ደግሞ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሎ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል። ይህ ክፉ ነው አልልም። ነገር ግን የአምራቹ ፊት ወደ ሌላ ሲዞር ለአሮጌዎቹ ሞተሮች የሚመጣው ኦሪጅናል ዕቃ እየሳሳ፣ ተመሳስሎ የተሠራው እየበዛ መሄዱ አይቀርም።

ስለዚህ በእጃችን ያለው አሮጌ ካርቡሬተር ነገ የማይተካ ንብረት ሊሆን ይችላል። መካኒኩ “ይቀየር” ባለ ጊዜ ባለቤቱ በትሕትና ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፤ ካንዴላው ምን መሰለ? ጎማው ተፈተሸ ወይ? ጄቶቹ ወጥተው ታዩ ወይ? ለሦስቱም መልስ ካለ ፍርዱ ይቀበሉት። መልስ ከሌለ ግን ካርቡሬተሩ ገና አልተጠየቀምና ቀጠሮ ይሰጠው።